የእድሩ አዳራሽ ቁልፍ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሸኘቱ በፊት በዚህ ድንኳን ጥቂት እንድትታገሡን እንለምናለን። የመምህርት ጽጌማርያም አባይነህን ዜና ሕይወት የሚያነብላችሁ ታላቅ ወንድማቸው ካሣሁን አባይነህ ነው። የእድራችን ጸሐፊ ሆኖ ላለፉት ሃያ ዓመታት የብዙዎቻችሁን ወላጆች ዜና ሕይወት ያነበበ በመሆኑ፣ የእህቱን ለሌላ ሰው አልሰጥም ብሏል። ዕድሜ ልኩን አንቺ እያለ የጠራትን ታናሽ እህቱን ዛሬ ሥርዓቱ ስለሚያዝ እሳቸው፣ ራሱንም እሱ ሊል ነው። ይሁን እንግዲህ፤ በዚህም በልጠውታል።

መምህርት ጽጌማርያም ከአባታቸው ከአቶ አባይነህ ወልደሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉእመቤት ተሰማ በጥቅምት ወር 1955 ዓ.ም. እዚሁ እሪ በከንቱ ተወለዱ። አባታቸው በፒያሳ የታወቁ ልብስ ሰፊ ሲሆኑ፣ እናታቸው ቤቱን ቀጥ አድርገው የያዙ እመቤት ነበሩ። ካሣሁን ያኔ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ እስከዚያች ቀን የቤቱ ብርቅ እሱ ብቻ ነበር፣ ከዚያች ቀን በኋላ ግን ጎረቤት ሁሉ እሱን አልፎ ወደ ሕፃኗ አልጋ ሲሮጥ እያየ አደገ።

ለትምህርት በደረሱ ጊዜ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ገብተው፣ አንዴም ከአንደኝነት ሳይወርዱ፣ መሐል ላይም አንድ ክፍል ዘልለው ታላቅ ወንድማቸውን እግር በእግር ተከተሉት። በ1973 ዓ.ም. እሳቸው ለመጀመሪያ፣ እሱ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ በአንድ ቀን ማትሪክ ተፈተኑ። እሳቸው በከፍተኛ ውጤት አለፉ፤ እሱ ወደቀ። አባታቸው ካሣሁን ዩኒቨርሲቲ የገባ ዕለት ኮት እሰፋለታለሁ ብለው ለዓመታት በሣጥን ያኖሩትን ግራጫ የሱፍ ጨርቅ አውጥተው የሴት ኮት ሰፉበት። ኮቱን በከሰል ካውያ የተኮሰው ካሣሁን ሲሆን፣ እህቱ ያንን ለብሰው ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጡ በር ላይ ቆሞ መርቋቸዋል። ምርቃቱ ከአንገት በላይ ነበር። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም ሊሰጠው አይፈልግም።

በ1977 ዓ.ም. በሒሳብ ትምህርት ከተመረቁ በኋላ በአርሲ ለሰባት ዓመታት አስተምረው፣ ወደ አዲስ አበባ ተዛውረው እስከ ጡረታቸው ድረስ እዚሁ አራዳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አገልግለዋል። በ1985 ዓ.ም. ከማተሚያ ቤት ሠራተኛው ከአቶ ወርቅአፈራሁ መኮንን ጋር ጋብቻ መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ፣ ኤዶምን አፍርተዋል። በዚያን ጊዜ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ በሚገኝ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የነበረው ካሣሁን በሰርጉ ላይ ጨፍሯል፤ ምስክሮች አሉ።

ትልቁ ሥራቸው ግን የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። የአጠገባችን ሰፈር የዶሮ ማነቂያ ልጆች ጭንቅላት ሳያንሳቸው፣ የሚያስጠናቸው አጥተው፣ በቤታቸውም ደብተር የሚዘረጉበት ቦታ ጠፍቶ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲወድቁ ማየት ስላልቻሉ፣ እድሩን አስፈቅደው ዘወትር ቅዳሜ በአዳራሹ ውስጥ ያለ ክፍያ ማስጠናት ጀመሩ። ሒሳቡን እሳቸው፣ እንግሊዝኛውንና ፊዚክሱን ለምነው ያመጧቸው ባልደረቦቻቸው ያስተምሩ ነበር፤ በሰዓት የተለካ የሙከራ ፈተና ይሰጣሉ፣ የዩኒቨርሲቲና የትምህርት ክፍል ምርጫ አሞላል ያሳያሉ፣ ልጄ ሱቅ ትጠብቅልኝ የሚል አባት ሲገኝም ሱቁ ድረስ ሄደው ይሟገታሉ። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ በሆነ ቅዳሜ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ስለሚወጡ፣ ልጆቹ ራሳቸው ተሸክመው ለቅሶ ቤት ያደርሱና ተመልሰው ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠው ይማሩ ነበር። አሁን የተቀመጣችሁባቸውን ወንበሮች ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ በእርሳስ የተሠራ ሒሳብ አታጡባቸውም።

የአዳራሹ ቁልፍ በደንቡ መሠረት በጸሐፊው እጅ ነበር፤ ዓርብ ይሰጣቸዋል፣ እሑድ ይመልሱለታል። ልጆቹ በየዓመቱ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ነርስ እየሆኑ ሲመለሱ ግን የጸሐፊው ስም ከሰፈሩ ጠፋ። ዳቦ ቤት ሲገባ የመምህርቷ ወንድም፣ ታክሲ ሲሳፈር የመምህርቷ ወንድም፣ በገዛ እድሩ ስብሰባ እንኳ የመምህርቷ ወንድም ይናገሩ ተባለ! ታላቅ እኮ ነው፤ ስምም አለው፤ ካሣሁን ይባላል። ልጆች ባለፉ ቁጥር ሰፈሩ እልል ሲል፣ እሱ ያንን ግራጫ ኮት እንደገና የሚተኩስ ይመስለው ነበር።

በመስከረም 2015 ዓ.ም.፣ ተማሪዎች ብርድ ልብሳቸውን ይዘው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሊፈተኑ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሠላሳ አንድ ልጆች የተቆለፈው አዳራሽ ደጅ ላይ ቆመው ነበር። ካሣሁን ዓርብ ዕለት ቁልፉን ሳይሰጥ ቀርቶ ነበር። እህቱ ሲጠይቁት፣ በልጆቹ ፊት፣ ትናንት ሰጥቼሻለሁ አላቸው። ይህን ሲል የቁልፉ አረንጓዴ ክር ከኮት ኪሱ ተንጠልጥሎ ነበር። መምህርት ጽጌማርያም ክሩን አዩ፤ የወንድማቸውን ፊት አዩ፤ ከዚያም ወደ ልጆቹ ዞረው፣ ጋሼ እውነቱን ነው፣ የጣልኩት እኔ ነኝ አሉ። የበሩ ጓጉንቸር ይሰበር ሲባል ያለ ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ አይሰበርም ብሎ ደንብ የጠቀሰውም ያው ጸሐፊ ነው። ልጆቹ ሦስቱን ሳምንት በወይዘሮ ረይሀና የአትክልት መደብ አጠገብ፣ የድንች ጆንያ ላይ ተቀምጠው ተማሩ። ጉባኤው በተጠራ ጊዜ መምህርቷ በአባላቱ ፊት ቆመው ቁልፍ በመጣላቸው ይቅርታ ጠየቁ፤ ጓጉንቸሩ ተለውጦ አዲሱ ቁልፍ እንደገና ለጸሐፊው እንዲሰጥ ተወሰነ፤ ጸሐፊውም አንገቱን ደፍቶ፣ መምህርት ጽጌማርያም ስለ ጥንቃቄ ጉድለታቸው ተወቅሰዋል ብሎ በቃለ ጉባኤው ጻፈ።

በአገሩ ሁሉ ያለፈው ተማሪ እጅግ ጥቂት በነበረበት በዚያ ዓመት ከሠላሳ አንዱ ዘጠኙ አለፉ፤ ዛሬ ምሕንድስና የምትማረው የወይዘሮ ረይሀና ልጅ አስማ አንዷ ናት። ከልጆቹ አንዱ የነበረው የሲን ግን በሦስት ነጥብ ወደቀ፤ ዳግመኛ ልፈተን ሳይል ፒያሳ ስልክ ጥገና ገባ። አዳራሹ ተከፍቶ ቢሆን ያልፍ ነበር ወይ የሚለውን ማንም አያውቅም። መውደቅ ምን እንደሆነ ግን ካሣሁን ከሁላችሁም አብልጦ ያውቅ ነበር፤ እያወቀም ዝም አለ።

ዶሮ ማነቂያ ለልማት ተነስቶ ነዋሪው በየኮንዶሚኒየሙ ሲበተንም ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ተሳፍረው ወደ አዳራሹ መምጣታቸውን አልተዉም፤ የካሣሁን የልጅ ልጆች ግን እዚሁ አጠገቡ እየኖሩ ለፋሲካ እንኳ አይመጡም። መምህርት ጽጌማርያም ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸውን ታመው እጥበት ሲጀምሩ አስማ በእግራቸው ተተካች። ካሣሁን ሊጠይቃቸው ሄዶ የሆስፒታሉ ዘበኛ አላስገባም ሲለው፣ አንዲት የቀድሞ ተማሪያቸው የነበረች ነርስ መጥታ የመምህርቷ ወንድም ናቸው ብላ አስገባችው። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ስለ ቁልፉ ሊናገር ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ፤ እሳቸው ግን ሁለቱንም ጊዜ ቀድመው፣ ጋሼ፣ ለአስማ ከፈትክላት ወይ ብለው ጠየቁት። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ትናንት ዓርብ ረፋድ ላይ በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

አሁን እድሩ ይስማ። ቃለ ጉባኤው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ጸሐፊው ዛሬ ጠዋት በገዛ እጁ፣ ቁልፉ አልጠፋም፣ በእኔ በጸሐፊው ኪስ ነበር፣ እህቴ አልጣለችውም ብሎ ጽፎ ፈርሞበታል። የሲን ከድንኳኑ ጥግ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ካሣሁን በሁላችሁ ፊት ይቅርታ ይጠይቀዋል፤ ይቅር ባይለውም አይቀየመውም። ቁልፉ ከዛሬ ጀምሮ በአስማ እጅ ይሆናል፣ የሚቀጥለው ቅዳሜም ትምህርት አለ። ቅናቱ ለቀቀኝ ቢላችሁ ግን ይዋሻችኋል፤ ይህን ድንኳን ሞልቶ መንገዱን የዘጋውን ሕዝብ እያየ፣ ለእኔ ይህን ያህል ሰው አይመጣም እያለ አሁንም ይቀናል።

መምህርት ጽጌማርያም ባለቤታቸውን አቶ ወርቅአፈራሁን፣ ልጃቸውን ኤዶምን፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ቅዳሜዎች ያሳደጓቸውን ልጆችና አንድ ወንድም ትተው ሄደዋል። ወንድምየው እዚህ ቦታ ላይ ስሙን ጽፎ ነበር፤ ሰርዞታል። የመምህርቷ ወንድም በሉት።

አምላክ የእህታችንን፣ በክርስትና ስማቸው የወለተ ሐናን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ዛሬ በሚደርሱበት ደጅም ቁልፍ የያዘው ከወንድማቸው የተሻለ ይሁንላቸው። አሜን።