የኦርቪል ሆግስታድ ሰሌዳ

«መንግሥት በአባላት መዋጮ ላይ ግብር ሊጥል ነው!»

አዛውንቱ ኦርቪል ሆግስታድ ይህን ወሬ ከነዳጅ ማደያው ቡና ጠጪዎች ከሰሙ ወዲህ ለአራተኛ ጊዜ መድገማቸው ነበር። በሰሜን ዳኮታ የአንዲት ትንሽ ከተማ ንብ አናቢዎች ማኅበር ጸሐፊ ሆነው ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። በዚያ ጠዋት ፒካፓቸውን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር አጠገብ አቁመው ሲወርዱ፣ የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ካሪን ቮልድ መፍቻ ይዛ «ለኦርቪል ሆግስታድ ብቻ» የሚለው ሰሌዳ ፊት ቆማ አገኟት።

«እንደምን አደሩ ሚስተር ሆግስታድ። መዋጮውን ማንም አልነካውም። አዲሱ ሕግ የነካው እርስዎ የቆሙበትን ቦታ ነው።»

«የቆምኩት በረዶ ላይ ነው። በረዶም ይቀረጣል?»

«በረዶው ነጻ ነው፤ ጣጣው ከሥሩ ያለው አስፋልት ነው። ለሠራተኛ ብቻ ተብሎ የተከለለ ማቆሚያ ካለን፣ ለዚያ ቦታ ያወጣነው ወጪ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር እንከፍልበታለን።»

«ወጪ ገቢ ሆነ? የጻፈው ሰውዬ ጠጥቶ ነበር?»

«እሱን አላውቅም። እኔ ግን ሳልጠጣ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።»

ካሪን የኮሌጅ ደጃፍ አልረገጠችም። የግብር ሕግ የተማረችው ከቤተ መጻሕፍት በተዋሰችው መጽሐፍ፣ ማር ማጣሪያው ክፍል ውስጥ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ነው። ስለዚህ ያላነበበውን ገጽ የሚሟገት ሰው አትታገሥም።

«እኛ እኮ ትርፍ የለሽ ማኅበር ነን!» አሉ ሽማግሌው።

«ትርፍ የለሽ ማለት ትርፉን ለኪሱ የሚከፋፈል ሰው የለም ማለት ነው እንጂ ግብር አያውቀንም ማለት አይደለም። መጽሔታችን ላይ ከሚወጣው ማስታወቂያ ገቢ ድሮም ግብር እንከፍል የለም እንዴ?»

«ስሚኝ ልጄ። ሃያ አምስተኛ ዓመቴን ስደፍን፣ ደመወዝ ልንጨምርልህ አቅም የለንም ብለው ነው ይህን ሰሌዳ የሰጡኝ። የደመወዝ ጭማሪዬ ነው!»

ካሪን ሳቀች። «ሕጉም ያለው ይህንኑ ነው! ቦታው ደመወዝ ስለሆነ ነው እንደ ገቢ የሚቆጥረው። ጠበቃ ቢቀጥርዎት አያሳፍሩትም ነበር።»

ኦርቪል ወደ ገንዘቡ ዞሩ።

«ስንት ያስወጣናል?»

«ከበረዶ ጠረጋው ጋር፣ ለጀማሪ አናቢዎች በየዓመቱ ከምንሰጣቸው ሁለት ቀፎዎች አንዱን ይበላል። ሕጉ በሰጠን ጊዜ፣ እስከ ማርች መጨረሻ፣ ሰሌዳውን ካነሳነው ግን ምንም አንከፍልም። የቀረን ሦስት ቀን ነው።»

«ሰውስ ምን ይላል?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ኦርቪልን አባረሩት ነው የሚሉት።»

ነገሩ ግብር እንዳልነበረ ካሪን ያን ጊዜ ገባት፤ ምላሷ ላይ የደረሰውንም ስድብ ዋጠችው። በዚሁ መሃል የማኅበሩ አባል የሆኑት የሰማንያ ሦስት ዓመቷ ወይዘሮ ኤድና ብሬኪ ከግቢው ዳር ካቆሙት መኪና ወርደው፣ የማር ማሰሮ የሞላበት ካርቶን አቅፈው፣ በበረዶው ላይ አንድ አንድ እርምጃ እያሉ ሲመጡ ታዩ።

«ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚያቆሙት?» አሉ ኦርቪል።

«ስድስት ክረምት ሙሉ። የእርስዎ መስኮት ወደ ጓሮ ስለሆነ አላዩዋቸውም።»

ኦርቪል ሄደው ካርቶኑን ተቀበሏቸው። ተመልሰውም እጃቸውን ለካሪን ዘረጉ። «መፍቻውን አምጪ። የእኔን ስም እኔው ላውርድ።»

ብሎኑ በቅዝቃዜ ተጣብቆ ስለነበር የፈላ ውሃ አስፈለገው። በቦታው «ለአባላትና ለእንግዶች» የሚል ተሰቀለ። በዚያ ዓመት ሁለቱም ቀፎዎች ለጀማሪዎች ተሰጡ፤ ኤድናም በሩ ሥር ያቆሙ ጀመር። ኦርቪልን አባረሩት ያለ ሰው አልተገኘም። ነዳጅ ማደያው ውስጥ ስለ ግብር ወሬ የጀመረውን ሁሉ እሳቸው ራሳቸው «አንብበኸዋል?» ብለው ያፋጥጡት ጀመር። ባወረዱት ሰሌዳም የሚያፈስ የቀፎ ክዳን ደፈኑበት።

በዲሴምበር ለካሪን ከግብር መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ደረሳት፦ የማቆሚያው ግብር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዳልነበረ ሆኖ ተሽሯል፤ የከፈለም ገንዘቡ ይመለስለታል።