በጎማ የታሰረ መሪ

ክቡራትና ክቡራን፤ የወርክሾፓችን ባለቤት ጋሽ ኃይለመስቀል፤ ራኬብ፣ ሚስኪ፣ የቀለም ክፍል ጓደኞቼ፤

ስለ ዳቦውና ስለ ለስላሳው አመሰግናለሁ። የሥራ ልብሳችሁን አውልቃችሁ፣ የፋይበሩን ብናኝ ከክንዳችሁ አራግፋችሁ ስለመጣችሁም አመሰግናለሁ። አሁንም የምታክኩትን አያለሁ። እኔንም እያሳከከኝ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ትናንት ሚስኪ "ጸሎትዬ፣ የሚያምር ነገር ተናግረሽ ውጪ፣ በቃ" ብላ መክራኛለች። ሞከርኩ። ግን ለምን እንደምሄድ ሁላችሁም እያወቃችሁ ስለ ፍቅራችን ብቻ ባወራ ራሴን እታዘበዋለሁ። አስጠልቶኝ ነው የምሄደው። ያስጠላኝ እናንተ አይደላችሁም፤ የጎማው ነገር ነው።

የውሃ ታንከርና የሚኒባስ ፓራውልት በሚሠራበት የኮልፌ ግቢ ውስጥ የሸራ ጀልባ ሊሠራ ነው ሲባል ደስታዬን አልቻልኩትም ነበር። ቢሾፍቱ ያለ አንድ ሎጅ ስድስት ትንንሽ ጀልባዎች አዘዘ፤ እያንዳንዷ አንድ ሸራ ያላት፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚነዳት። ከመካከላችን ዋና የሚችል ማን ነበር? ማንም! ነፋስን የምናውቀው ልብስ ከገመድ ላይ ሲወስድብን ነው። ግን ሠራን። የመጀመሪያዋ ያለቀች ዕለት የራኬብ እልልታ ቤቴል ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ወስደን ሐይቁ ላይ አወረድናት። የሎጁ ጀልባ ጠባቂ ገመቹ ነዳት። ክንዱን እያሻሸ ተመለሰ።

"ይቺ ጀልባ ናት ወይስ ገበያ አልሄድም ያለች በግ?" አለን። "ነፋሱ በርታ ሲል አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ታዞራለች። መሪውን ወደ ራሴ ስጎትት ክንዴ አለቀ!"

ምክንያቱ ሩቅ አልነበረም። ጋሽ ኃይለመስቀል የሸራውን ምሰሶ ወደ ኋላ አጋድለውታል። ለምን? "ዘንበል ስትል ፈጣን ትመስላለች!" ብለው። ምሰሶው ወደ ኋላ ሲያጋድል ሸራው አብዝቶ የሚገፋው ኋላዋን ነው፤ ኋላዋ ሲገፋ ደግሞ አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ይዞራል። በዚያ ላይ የመሪው ሳንቃ ቀጥ ብሎ ውሃው ውስጥ መውረድ ሲገባው፣ ብሎኑ ስለሚይዘው ወደ ኋላ ተንጋሎ ይጎተታል። እንዴት አይከብድ?

እኔና ራኬብ ገና ቀለም ያልተቀባችውን አንዷን ፈታን። ምሰሶው ሥር የእንጨት ሽብልቅ ሰክተን ቀና አደረግነው፤ ሳንቃው እስከ ታች እንዲወርድ ብሎኑን ቀየርን። ገመቹም ጀልባዋ እንዳታጋድል ወደ ነፋሱ በኩል ወጣ ብሎ ተቀመጠ፤ ነፋሱ ሲበረታ የሸራውን ገመድ ላላ አደረገ። በሁለት ጣት ነዳት። በሁለት ጣት!

እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት፣ አይደል?

"ሌሎቹ አምስቱስ?" አልኩ።

"እነሱ ተቀብተዋል" አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል። "ቀለም የተቀባ ዕቃ አይፈታም። የዚህ ቤት ሕግ ነው፣ ልጄ።"

ከዚያ አሮጌ ከመነዳሪ፣ ያንን የመኪና የውስጥ ጎማ፣ አስመጡ። በመቀስ ሸነሸኑት፤ መሪውን ወደ አንድ ጎን ስቦ የሚይዝ ማሰሪያ አደረጉት። ሚስኪም ሎጁ ጋ ደውላ "አውቶማቲክ መሪ አላቸው" አለቻቸው። አትሳቂ ሚስኪ፣ ብለሻል!

ያቺ ሕግ ናት ያንገሸገሸችኝ። እዚህ ሰፈር በሩ በገመድ የታሰረ ታክሲ ስንት ጊዜ ተሳፍረናል? ረዳቱ እጁን አውጥቶ ይይዘዋል፣ እኛም "ወራጅ አለ" ብለን እንወርዳለን። ሐይቅ ላይ ግን ረዳት የለም። ሰውየው ብቻውን ነው።

ደግሞ ጀልባ ትንሽ ወደ ነፋሱ መዞሯ ደግ ነገር ነው። ነጂው ቢወድቅ መሪው ይለቀቃል፤ እሷም ወደ ነፋሱ ዞራ፣ ሸራዋ እየተራገበ፣ ትቆምለታለች። መሪዋ የታሰረ ጀልባስ?

ባለፈው ሳምንት ገመቹ ከታሰሩት ከአንዷ ወደቀ። ስልክ ደውሎ ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ። "ዞራ ትቆማለች ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ጥላኝ ሄደች፣ ጸሎት። ሰው ሳይኖርባት፣ ቀጥ ብላ።" ያወጡት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። እሱ ዋና ይችላል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው እንግዳስ?

ይህን ይዤ ቢሮ ገባሁ።

"ላይፍ ጃኬት ይልበሱዋ!" አሉኝ ጋሽ ኃይለመስቀል። "አንቺ ይልቅ ሄደሽ ጎማው እንዴት እንደሚታሰር አሳዪያቸው።"

"አላሳይም።"

"እንግዲያው ቦታውን ለምታሳይ ልጅ ልቀቂ።"

ለቀቅኩ። ጋሽ ኃይለመስቀል፣ እንደ አባቴ አከብርዎታለሁ። ዲግሪዬን ይዤ ስዞር "ግቢና ሞክሪ" ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ይህን አልረሳም። ግን ያኔ ያስገቡኝ እንድሠራ መስሎኝ ነበር እንጂ እንዳስር አልመሰለኝም።

ነገ ቢሾፍቱ እሄዳለሁ። እዚያ ያሉትን ሁለቱን የታሰሩ ጀልባዎች ከገመቹ ጋር እንፈታቸዋለን፤ እሱም እሺ ብሏል። ከዚያ በኋላ? አላውቅም። የራሴን ጀልባ እሠራ ይሆናል። ዋና ግን እማራለሁ፣ እሱ ቁርጥ ነው።

ሦስቱ ደግሞ ይኸው ከጀርባችሁ ቆመዋል። ነገ አይሱዙ ይጭናቸዋል። የቀለም ክፍል ጓደኞቼ፣ እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ እንደገና መቀባት ይሄን ያህል ይከብዳችኋል? ከሰዓት በኋላ ሙሉ አለን። ሽብልቆቹን ጠርቤ አስቀምጫለሁ። ራኬብ ሥራውን ታውቀዋለች። የሚጎድለው "ፍቱ" የሚል አንድ ቃል ነው፤ የሚናገሩትም ሰው ከፊቴ ተቀምጠዋል።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። እጃችሁ አይዛል። የሠራችሁትን ነገር የገዛ ልጆቻችሁን ያለ ስጋት የምታስቀምጡበት ያድርግላችሁ። ለወጣቶቹ፣ ያሰባችሁት ይሙላ። ጋሽ ኃይለመስቀል፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ቀለም የሚያስፍቅ ልብም ይጨምርልዎ። ሐይቅ ላይ የወደቀን ሰው ሁሉ፣ ጀልባዋ ዞራ ትጠብቀው።

አሜን ካላችሁ ዳቦው ትንሽ ይቆየን። ቢላዋውን አቀብሉኝ፣ መጀመሪያ ጎማዎቹን እንቁረጥ።