ጋሽ መርዳሳና አረንጓዴዋ መብራት

ባልደረቦቼ፣ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሚኪያስ፣ ወይዘሮ ዘርፉና ልጆቻቸው፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላጣራ። የዚህን ሆቴል ፍሪጅ እስካሁን የነቀለው ሰው የለም አይደል? ጋሽ መርዳሳ ከገቡ ጀምሮ ዓይኔን ከእሳቸው ላይ አልነቀልኩም።

አዲስ ለሆናችሁ ላስረዳ። ጋሽ መርዳሳ ከአሰላ ተዛውረው የመጡት አርብ ቀን፣ ከበዓል ማግሥት ነበር። ትልቅ ኢንጂነር ይመጣሉ ስለተባለ ከረባት ያሰረ ሰው ስንጠብቅ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ገቡ። ሰላም እንኳ ሳይሉን ጆሯቸውን ቀሰሩ።

"ይሄ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?"

"ፍሪጅ ነው" አላቸው ሾፌራችን።

"ምን አለበት?"

"ውሃ መሰለኝ።"

"ለውሃ ብሎ ቅዳሜና እሁድን ኤሌክትሪክ ሲበላ ሊከርም ነው?" ብለው ነቀሉት። ለካ ከበዓሉ ቅርጫ ለሰኞ ግብዣ የተቀመጠው ሥጋ እዚያ ውስጥ ነው። የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ሰኞ ጠዋት ጥበቃው በሩን የሚጠብቀው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር። እኔ ሑስና ቅርጫው ውስጥ ስላልነበርኩበት ብቻዬን ሳቅኩ። የእሳቸው ረዳት ሆኜ የተመደብኩትም ለዚሁ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተቀይሟቸው ነበር።

ዛሬ ፊታቸው ጠቆር ያለው ጡረታ ስለወጡ እንዳይመስላችሁ። ሰኞ አዲሶቹ ሴንሰሮች ወደ አዋሽ ዳር ይወጣሉ። እሳቸው ደግሞ አይኖሩም። ሐሳባቸው ያ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ለቤተሰቦቻቸው ሥራችንን ላስረዳ፤ ወይዘሮ ዘርፉ እስከ ዛሬ "ባሌ ሳጥን ያስተኛል" እያሉ ነው ለጎረቤት የሚናገሩት። እኛ ሁሩታ ስንዴ ማሳ ላይ የአፈሩን እርጥበት፣ አዋሽ ዳር የውሃውን ከፍታ የሚለካ ገመድ አልባ ሴንሰር እንተክላለን። በባትሪ ነው የሚሠራው። በየሩብ ሰዓቱ ይነቃል፣ ይለካል፣ በሬዲዮ ይልካል፣ ተመልሶ ይተኛል። ሥራው እንደ ዓይን ጥቅሻ ነው፤ የቀረው ዕድሜው እንቅልፍ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ትዝ ካላችሁ እኔ የለሁበትም። ታዲያ ባትሪውን የሚጨርሰው ሲሠራ የሚበላው አይደለም፤ ተኝቶ የሚበላው ነው። ጋሽ መርዳሳ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ይሄን ተኝቶ የሚበላ ሲያሳድዱ ነው። የሴንሰሩ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ቦርዱ ላይ አጎንብሰው "ራፊ፣ ራፊ፣ ተኛ እንጂ" እያሉ በኦሮምኛም በአማርኛም እንደ ሕፃን ሲያባብሉት ያልሰማ እዚህ ውስጥ የለም።

አንዴ አንድ ቦርድ አልተኛ አላቸው። ሬዲዮውን ዘጉ፣ ፕሮግራሙን እንደገና ጻፉ፣ ቡናም ምሳም ቀረ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቦርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ሳላውቅ በእግሬ ነቀልኩት። ቦርዱ ወዲያው ጭልጥ ብሎ ተኛ። ለካ እንቅልፍ የነሳው ያ ገመድ ነው። ሰውዬው ሦስት ሳምንት ሙሉ በአንድ እጃቸው እየቀሰቀሱ በሌላው ተኛ ሲሉት ነው የከረሙት። "ለማንም እንዳትነግሪ" አሉኝ። አልተናገርኩም፤ ይኸው ዛሬ ገና ነው።

ስብሰባ ላይ ደግሞ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አቶ ሚኪያስ አንድ ቀን "ጋሽ መርዳሳ፣ ተኝተዋል?" ቢሏቸው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ "አልተኛሁም፤ ሬዲዮውን ነው ያጠፋሁት። ተራዬ ሲደርስ እነቃለሁ" አሉ። እውነትም ተራቸው ሲደርስ ይነቁና ሁልጊዜ አንዲት ነገር ብቻ ተናግረው ይመለሳሉ፤ "መብራቷን አውጧት።"

መብራቷ ሴንሰሩ ላይ ያለችው አረንጓዴዋ ናት። ቦርዱ በሙሉ ተኝቶ ከሚበላው ብዙ መቶ እጥፍ የምትበላ፣ ምንም የማትለካ፣ ምንም የማትልክ፣ መብራት ብቻ የሆነች መብራት። አቶ ሚኪያስ፣ ይቅርታዎን፣ ክርክሩ እንዲህ ነበር፦

"ካልበራ፣ እንግዳ ሲመጣ መሥራቱን በምን ያውቃል?"

"መረጃው ኮምፒውተሩ ላይ ይታያላ።"

"እንግዳ መረጃ አያይም፣ ጋሽ መርዳሳ። መብራት ነው የሚያየው።"

ይሄን መካድ አይቻልም። ሴንሰሮቹ በተመረቁ ቀን የመጡት እንግዶች ሁሉ ፎቶ የተነሡት ከመብራቷ ጋር ነው።

ጋሽ መርዳሳ አንዱን ሴንሰር ማንንም ሳያስፈቅዱ መብራቷን ቆርጠው ተከሉት። ከወንጂ ወዲያ አዋሽ ዳር ሽንኩርት የምታለማ ሶረቲ የምትባል ገበሬ ማሳ ላይ። በሳምንቱ ሶረቲ ቢሯችን ድረስ መጣች። "ለጎረቤቶቼ የሚበራ ሰጥታችሁ ለእኔ የሞተ የሰጣችሁኝ ዘመድ ስለሌለኝ ነው?" አለች። ጋሽ መርዳሳ "አልሞተም እህቴ፤ ተኝቷል" ቢሏት፣ "ተኝቶ ነው የሚጠብቀኝ?" ብላ ሄደች። እሳቸውም ንብረት አበላሽተዋል ተብለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው።

ነሐሴ ላይ አዋሽ ሞላ። የሚበሩት ሴንሰሮች ባትሪያቸውን ለመብራቷ ገብረው ሰኔ ላይ ሞተው ነበር፤ አዲስ ባትሪም ገና አልተገዛላቸውም። የሶረቲ ብቻ ነቅቶ ላከ። ውሃው መጣ የሚል መልእክት ደርሶ ስልኳ ጮኸ፤ ከብቶቿን አስወጣች፣ ፓምፗን ነቀለች፣ ጎረቤቶቿን በየማሳቸው እየሮጠች ጠራች። ሽንኩርቱን ውሃ ወሰደው፤ ሰውና ከብት ተረፈ። ከዚያ ቢሯችን ተመልሳ መጣችና አቶ ሚኪያስ ፊት ቆማ፣ "የሚበሩት ዝም አሉ። የጠራኝ የማይበራው ነው" አለች።

ሪፖርታችን ላይ "ቴክኖሎጂያችን ሕይወት አተረፈ" ተብሎ ተጻፈ። ፎቶው ግን የሚበራው ሴንሰር ነበር፤ ሳይሞት በፊት የተነሣው። ማስጠንቀቂያውም አልተነሣም።

ጋሽ መርዳሳ፣ ቀልዱን እዚህ ላይ ላቁመው። ነፍሰ ጡር ሆኜ ሁሩታ ማሳ ለማሳ መዞር ሲያቅተኝ፣ እርስዎ ፀሐይ ላይ ቆመው ቴስተሩን በስልክ ያነቡልኝ ነበር። ውጤቱን ሲያቀርቡ ደግሞ "ሑስና ናት ያገኘችው" አሉ። እኔ ይህን ሥራ ትቼ ያልሄድኩት በእርስዎ ምክንያት ነው። አመሰግንዎታለሁ፤ እወድዎታለሁም። ወይዘሮ ዘርፉ፣ እርስዎንም እናመሰግናለን። "ቤታችን ውስጥ እሱ የማያጠፋው እኔን ብቻ ነው" ያሉንን አንረሳውም።

ስጦታችን ይሄ የማር ጠርሙስ ነው። ማር ግን የለበትም፤ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው ይዩት። እነዚያ ጤፍ የሚያካክሉት፣ ሰኞ ከሚወጡት ሴንሰሮች የተነቀሉ መብራቶች ናቸው። ክፍላችን በሙሉ የብየዳ ካውያ ይዞ ተቀምጦ ነው የነቀላቸው። አንድም አልቀረም።

በድብቅም አይደለም። አቶ ሚኪያስ ፈቅደዋል። "ሶረቲ ተመልሳ እንዳትመጣብኝ" ነው ያሉት። ቅድመ ሁኔታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ አንድ ሴንሰር ከነመብራቱ ቢሯቸው ጠረጴዛ ላይ ለእንግዳ ይቀመጥ አሉ። አስቀምጠነዋል፤ ሶኬት ላይ ሰክተነዋል። ምንም አይለካም፤ ግን በጣም ያምራል።

በሉ እንግዲህ፣ ድራፍት የያዘ ድራፍቱን፣ እንደ እኔ አምቦ ውሃ የያዘ አምቦ ውሃውን ያንሣ። ጋሽ መርዳሳ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ልጆችዎ ይባረኩ፤ የልጅ ልጅ ያሳድጉ። ሆራ ቡላ፤ ይርቡ፣ ይኑሩ። ሲተኙም ማንም ሳይቀሰቅስዎ ይተኙ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ማታ ማታ ሁላችንም ከወጣን በኋላ ክፍል ለክፍል ዞረው፣ ሁሉን አጥፍተው መጨረሻ የሚወጡት እርስዎ ነበሩ። ዛሬ ቀድመው ይውጡ። መብራቱን እኛ እናጠፋለን።