ረዳት አብራሪዋና አባቷ

የተሳፈርንበት አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ካለ በኋላ ድንገት ሽቅብ ተነሣ። የምንሄድበት ከተማ ማረፊያ በጉም ስለተሸፈነ ወደ ሌላ ከተማ እንደምንሄድ ተነገረን። እዚያ ወርደን በመንገደኞች አዳራሽ ጉሙ እስኪገለጥ ስንጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጡት አንድ ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። መምህር መሆኔን ሲሰሙ «እንግዲያው እርስዎ ይፍረዱኝ» ብለው ጨዋታ ጀመሩ።

ልጃቸው የዚሁ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ናት። ያን ሁሉ ዓመት ተምራ ዛሬም «ረዳት» መባሏ እንደ እሾህ ይወጋቸዋል። በእሳቸው ሙያ ረዳት ማለት ጎማ የሚያወርድ፣ ጭነት ላይ የሚተኛ፣ ሹፌሩ ሲቆጣ አንገቱን የሚደፋ ሰው ነው። ልጅቷ ታላቅ ወንድሟ ሲዳር አልተገኘችም። እናቷ ሆስፒታል ስትተኛም ሥልጠና ላይ ነበረች። ለረዳትነት ይህ ሁሉ መከራ ምን ያደርጋል፣ ቢሮ ገብታ እንደ ሰው ብትሠራስ አሉኝ። ደርሶ ከደጃፍ መመለስም በእሳቸው ዘመን ነውር እንደነበር አከሉ።

እኔም ሙያ በአንድ ጀምበር እንደማይገኝ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለም?» አልኳቸው። ፈገግ ብለው፣ የእሳቸው እንቁላል ግን ገና ከቅርፊቱ ሳይወጣ ባለቤቱ ማርጀቱን ነገሩኝ።

በዚህ መሀል ልጃቸው የደንብ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ጎንበስ ብላ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። አባት ግን ፊታቸውን አልፈቱም።

«ምነው፣ ሹፌርሽ ፈራ እንዴ?» አሏት።

«አልፈራም አባባ። ልናርፍ ስንል ሜዳው አልታይ ስላለኝ ‹እንነሣ› አልኩ። እሱም አነሣው።»

«አንቺ ስላልሽ?»

«አዎ። ከሁለታችን አንዳችን ‹እንነሣ› ካልን ሌላው አይከራከርም። ጭቅጭቁ ከተነሣን በኋላ ይደርሳል።»

ሽማግሌው ወደ ልባቸው ቁስል ገቡ። እናቷ በታመመች ጊዜ የት እንደነበረች ጠየቋት። ልጅቷ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ያን ሰሞን ፈተና ወድቄ ነበር» አለች። «አፍሬ ለእርስዎ አልነገርኩም። ሁሉን ትቼ ልመጣ ስነሣ እማማ ደወለችና ‹እኔን ሐኪም ይዞኛል፤ አንቺ የያዝሽውን ጨርሺ› አለችኝ። አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ ገባሁና ደግሜ ተፈተንኩ፤ አለፍኩም። ፈተናው ግን አሁንም በየጊዜው አለብን። የወደቅኩት መሬት ላይ ባለው የበረራ መለማመጃ መሣሪያ እንደ ዛሬው ያለ ጉም ሰጥተውኝ ነው፣ አባባ። ያኔ ‹እንነሣ› ለማለት ዘገየሁ።»

አባት ይህን ሁሉ የሰሙት ገና ያን ዕለት ነበር። በዚህ ጊዜ ጠጉሩ ገብስማ የሆነው ዋናው አብራሪ መጣና እጅ ነሥቶ ጨበጣቸው። እሱም ብዙ ዓመት በረዳትነት ተቀምጦ እንደተማረ ነገራቸው። «ዛሬ እኔ ‹ጥቂት ልይ› እያልኩ ነበር። እሷ ቀደመችኝ። አባቴ፣ ዝም የሚል ረዳት ለእኔ ጠላቴ ነው» አላቸው።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። በሹፌርነታቸው ዘመን አንድ ጊዜ የእሳቸው ረዳት የአንድ ድልድይ መሰንጠቅ እያየ፣ ቁጣቸውን ፈርቶ ዝም በማለቱ፣ መኪናቸው ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር አጫወቱን። ከሞት የተረፉት በዕድል እንጂ በጀግንነት እንዳልሆነም አመኑ።

አንባቢ ሆይ፣ ልጆቻችን በሌሉበት ቀን የቀረብንን ብቻ እንቆጥራለን፤ በዚያ ቀን የት ሆነው ምን እንደተማሩ ግን አንጠይቅም። ወድቆ መነሣትን የለመደ ሰው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ለራሱም ለሌላውም መድኅን ይሆናል። ትዕግሥት ያሳደገው ሙያም ከባለቤቱ አልፎ መንገደኛውን ሁሉ በሰላም ቤቱ ያገባል።

ጉሙ ተገልጦ የመሳፈሪያ ጥሪ ሲሰማ፣ አባት የሚቀጥለው ፈተናዋ መቼ እንደሆነ ጠየቋት። በመጪው ወር መሆኑን ስትነግራቸው፣ «እንግዲያው እስከዚያ ስለ ቤት አታስቢ» አሏት። «ለእናትሽ እኔ አለሁላት። ቀረች ብሎ የሚወቅስሽ ዘመድ ካለም መልሱን ለእኔ ተይው።»

ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኛም ተሰለፍን። ከፊታችን የቆመ አንድ መንገደኛ፣ ደርሰን ሳለ ማን እንደመለሰን እያማረረ ይጠይቅ ነበር። ሽማግሌው ኮታቸውን አስተካክለው ቀና አሉ።

«የእኔ ልጅ ናት» አሉት።