የነካ ይናገር

ጎሕ እንደቀደደ ገዴራ ከተማ አውቶቡስ ማቆሚያ ደረስኩ። ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል። አንዲት ልጅ ሁለት እጆቿን ደረቷ ፊት አንሥታ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። ቦርሳዋ ውስጥ ስልክ ይጮኻል፤ አታነሣም። ነፋሱ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣለው፤ አልነካችውም። እኔ መቼም በመናፍስት አላምንም፤ ያን ጊዜ ግን፣ ልዋሽ አልችልም፣ ጠጉሬ ቆመ።

አጠገቤ የማውቃቸው ሽማግሌ፣ የያቭነ ከተማው አባ ቢረሳው ሻንጣቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። «እነሱ ናቸው!» አሉ ልጅቷን እያሳዩኝ። «እዚህም ተከተሉኝ!»

«እነማን አባ?» አልኳቸው።

«ፊት የሌላቸው! እዚህ አካባቢያችን ሆስፒታል ለምርመራ ስሄድ በር ተከፍቶ አየኋቸው። እጃቸውን እንዲህ አንሥተው፣ የተኛ ሰው ከበው ዝም! ከዚያ ወዲህ በሕልሜ አልጋዬን ይከባሉ። ዛሬ አንጀቴ ላይ ያለውን እባጭ ሊያወጡ ቀጥረውኛል። ካልወጣ ይገድልሃል ብለዋል። ይግደለኝ! ቂርያት ማላኺ ከተማ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ።»

ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። «ውይ፣ አስደነገጥኩዎት አባባ? ማዕያን እባላለሁ፤ እዚያው ሆስፒታል የሕክምና ተማሪ ነኝ። ፊት የሌላቸው ያሏቸው ጭንብል ያደረጉ ሐኪሞች ናቸው፤ እኔም የቀዶ ጥገና ክፍል አቋቋም እየተለማመድኩ ነው። የታጠበ እጅ ከወገብ በታች አይወርድም፤ ፊትም ሆነ ስልክ አይነካም። ትናንት ቀዶ ጥገና ላይ ጓንት አድርጌ ሳላስበው ጭንብሌን ነካሁ። ‹ነክቻለሁ› አልኩ። አስወጡኝ፤ እንደገና ታጥቤ፣ ልብሱንም ጓንቱንም ቀይሬ ገባሁ።»

«ያየሽ ሰው ነበር?» አሏት አባ ቢረሳው።

«ማንም አላየኝም።»

«ታዲያ ምን አስለፈለፈሽ? ራስሽን አዋረድሽ! እኛ በታላቅ ሰው ፊት ዝም በሉ ተብለን ነው ያደግነው።»

«ዝም ብልስ አባባ? ጓንቴ ላይ ያለው ጀርም የተኛው ሰው ሆድ ይገባል። እሱ አያይ፣ አይናገር፤ ያለው የእኛ አፍ ብቻ ነው። ቀዶ ጥገናውን የሚመራው ፕሮፌሰርም ቢሆን ከነካ ይናገራል። እሱ ሳያውቀው ከነካ እኔ እናገራለሁ።»

«አንቺ? ለፕሮፌሰር?»

«እንዴታ! ‹ቤሰደር፣ እሺ› ብሎ ጓንቱን ይለውጣል።»

እኔም፣ የመምህር ነገር፣ ስለ ንጽሕና ረዘም ያለ ንግግር አዘጋጅቼ አፌን ስከፍት፣ ሽማግሌው በእጃቸው አስቆሙኝ። ደግ አደረጉ።

«አገር ቤት ሳለን እናቴ አንድ ቀን ከወንዝ ተመልሳ ደጅ ቆመች» አሉ። «መንገድ ላይ የወደቀ ሬሳ አግኝታ ሸፍናው ነበር። ማንም አላያትም። እኛ ልጆቿ ስንሮጥላት እጇን እንዲህ አንሥታ ‹አትንኩኝ፣ ነክቻለሁ!› አለችን። በሕጋችን ሬሳ የነካ ርኩስ ነውና፣ እስክትነጻ ድረስ ከመንደር ውጭ ብቻዋን ሰነበተች። ዝም ብትል ማን ያውቅባት ነበር?»

ማዕያን እዚህ አገር የተወለደች ናት፤ ይህን የአገር ቤት ሥርዓት ሰምታ አታውቅም። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ዛሬ እኔን ሲቀዱ አንቺ እዚያ ትኖሪያለሽ?» አሏት።

«እኖራለሁ።»

«ከነካሽ ትናገሪያለሽ?»

«እናገራለሁ አባባ።»

«በይ ያላ፣ እንሂድ» አሉና ሻንጣቸውን አንሥተው ወደ ሆስፒታሉ በሚሄደው በእሷ አውቶቡስ ወጡ።

ሲያገግሙ ቂርያት ማላኺ ልጃቸው ቤት ሄጄ ጠየቅኋቸው። ቁስላቸው ሳያመረቅዝ ደርቋል። «የቀዶ ጥገናው ክፍል ብርድ ነው» አሉኝ። «ፊት የሌላቸው ከበቡኝ። ልክ እንደ ሕልሜ! ልጮህ ስል ትልቁ ሐኪም ‹ነክቻለሁ› ብሎ ሊታጠብ ወጣ። እፎይ አልኩ፤ ከዚያ በኋላ አላስታውስም።»

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ እጅ መታጠብ ቀላል ነው፤ ሳሙና ይበቃዋል። ማንም ሳያይ የነካውን መናገር ግን ይከብዳል፤ የተኛውን ሰው ከመቃብር የሚያስቀረውም እሱ ነው። ማፈር ያልፋል፤ ሆድ ውስጥ የቀረ ቆሻሻ አያልፍም።

ልሰናበት ስነሣ «ሕልሙስ ተወዎት?» አልኳቸው።

«አሁንም ይመጣሉ» አሉ አባ ቢረሳው። «ይምጡ። አንዷ እናቴ ናት።»