ዶን ኤሊሂዮ ለሐኪሟ ያልነገሯት

ዶን ኤሊሂዮ ያን ማክሰኞ ወደ ሉኬ ከተማ ገበያ የሄዱት ማንም ሳያያቸው ቅጠል ገዝተው ሊመለሱ ነበር። ሻጯ በቀዝቃዛ ውሃ በሚጠጡት ሻይ፣ በቴሬሬያቸው፣ የሚነከረውን የመድኃኒት ቅጠል ወቅጣ ስትጠቀልልላቸው ከኋላቸው «አጎቴ!» የሚል ድምፅ ሰሙ። የእህታቸው ልጅ ኒዲያ ነበረች፤ የመድኃኒት ቅመማ ተምራ ሆስፒታል የምትሠራው። ጥቅልሉን ወደ ኪሳቸው ሊከቱ ቢሞክሩም ረፈደባቸው።

«ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?»

«ለኩላሊት ነዋ!»

የኩላሊታቸው ካንሰር ወደ ሳንባ መዛመቱን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ሐኪሟ ሁለት ዓይነት ክኒን አስረድታ፣ «አስበውበት ሐሙስ ይምጡ» ብላቸው ነበር።

«ታዲያ የትኛውን መረጡ?»

«ሱኒቲኒብ የሚሉትን። ፓዞፓኒብ ቀለል ይላል አሉኝ። ቀላሉ ለጉንፋን ይሁን! መድኃኒት ካላንገበገበ ምኑን ሠራ?»

ኒዲያ አልሳቀችም። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ሥቃዩን የፈውስ ምልክት አድርጎ ይቆጥራል። አጎቷን በሻጯ አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ካልተቆጡኝ ልናገር።»

«ተናገሪ፤ አፍሽን ማን ይዘጋዋል!»

«ዕጢው ለማደግ ደም ይፈልጋል፤ አዳዲስ የደም ሥሮችን ወደ ራሱ ይስባል። ሁለቱም ክኒኖች ያንን መንገድ ይዘጉበታል። የትኛው ይበልጣል ተብሎ ከሺህ የሚበልጡ ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው ታይቷል። በሽታውን በመግታትም ዕድሜ በማቆየትም ያን ያህል አልተበላለጡም። የሚለያዩት በሚያመጡት ጣጣ ነው። ሱኒቲኒብ ድካሙ ይበረታል። መዳፍና የእግር ሥር ማቃጠሉ፣ መላጡም በእሱ ይብሳል።»

«መዳፍ?»

«ጣትም ጭምር።»

ዶን ኤሊሂዮ እጃቸውን አዩ። ዕድሜ ልካቸውን ባለ ሠላሳ ስድስት ክር በገና ሲሠሩና በጥፍራቸው ሲቃኙ የኖሩ ናቸው። ሐኪሟ ሥራቸውን ስትጠይቃቸው ግን «አናጢ» ብለው እንዳለፏት አሁን ለኒዲያ ነገሯት።

«ለምን ደበቋት?»

«ሞት ደጄ ቆሞ ስለ ሙዚቃ ላውራት? አፈርኩ፣ ልጄ።»

ኒዲያ እጃቸውን ያዘች። «እሷ የምታክመው እኮ እርስዎን ነው እንጂ ኩላሊቱን ብቻ አይደለም።»

«እሺ፣ ያኛውስ መልአክ ነው?»

«አይደለም። ጉበትን ይነካል፤ አንዳንዴም ክፉኛ። ደም በየጊዜው የሚመረመረው ለዚህ ነው። ሆድ ያስቀምጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ፀጉርም ያነጣል።»

«ፀጉሩስ ይንጣ፤ ስንት ቀርቶኝ!»

«በጉበቱ ግን አይቀልዱ። ይህን ቅጠል ደርበው እየጠጡ ጉበትዎ ቢታወክ የክኒኑ ይሁን የቅጠሉ በምን እንለየዋለን?»

«እኔን ምን አገባኝ!» አለች ሻጯ፤ ቢሆንም ኒዲያ የዘረጋችላትን ጥቅልል መልሳ ተቀበለች።

«ሃምሳ ዓመት የጠጣሁትን ተው ትይኛለሽ?»

«ቴሬሬውን ማን ከለከለዎት? ስለ ቅጠሉ ግን ለሐኪሟ ይንገሯት፤ እሷ ትፍረድ።»

ዶን ኤሊሂዮ ከአግዳሚው ተነሡና «ሐሙስ አብረሽኝ ትመጫለሽ?» ብለው ጠየቋት።

ሐሙስ ዕለት ገና ሳይቀመጡ «ዶክተር፣ እኔ በገና ሠሪ ነኝ፤ ቅጠልም እጠጣለሁ» አሉ። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ ለረጅም ሰዓት አዋየቻቸው። የጉበታቸውና የልባቸው ምርመራ ደህና ስለነበር ፓዞፓኒብን አብረው መረጡ። ክኒኑን በባዶ ሆድ ሊወስዱ፣ ቅጠሉን ሊተዉ፣ የደም ምርመራ ቀናቸውን ላያጓድሉ ተስማሙ።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልሆነላቸውም። ተቅማጡ ከቤት ያዋላቸው ቀን ነበር። በሁለተኛው ወር የጉበታቸው ቁጥር ከፍ ብሎ ሐኪሟ ክኒኑን ለጊዜው አቁማ በአነስተኛ መጠን አስጀመረቻቸው። ምርመራው በወቅቱ ባይደረግ ማንም አያውቅም ነበር። በአምስተኛው ወር በሳንባቸው ያለው ዕጢ አንሶ ታየ። «ይህ መዳን አይደለም፣ ዶን ኤሊሂዮ፤ ጊዜ ነው» አለቻቸው ሐኪሟ።

«ጊዜ ከሆነማ ሥራ አለኝ» አሉና ቅንድባቸው ነጥቶ፣ ጣታቸው ሳይላጥ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወርክሾፓቸውን ከፍተው የአዲሱን በገና የመጀመሪያ ክር ወጠሩ።