ሰደቃውና ሁለተኛው መርፌ

ሐኪሟ «ጋሼ፣ ከፕሮስቴትዎ ናሙና እንደገና መውሰድ አለብን» ስትለኝ ቀድማኝ የተቆጣችው ባለቤቴ ናት። «ባለፈው ወግታችሁት ካንሰር የለም አላላችሁም? ሰደቃ አውጥተናል እኮ!» አለቻት። ሐኪሟ ግን ረጋ ብላ «የደም ምርመራው ቁጥር አሁንም እየጨመረ ነው። ያን ጊዜ መርፌው የገባው ከኋላ በኩል ስለሆነ የፊተኛውን ክፍል እምብዛም አያገኘውም። አሁን መጀመሪያ በኤም አር አይ የሚያጠራጥረውን ቦታ እንለይና ከሥር፣ በቆዳ በኩል እንገባለን» አለችኝ። ሳቄ መጣ። እኔ አዳማ ላይ ቦሎቄ ስገዛ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጆንያውን በብረት ወግቼ፣ የሚወጣውን ፍሬ መዳፌ ላይ ሳላይ አልገዛም። ብልጥ ሻጭ የነቀዘውን ከወዲያኛው ጎን ስለሚከት፣ ከአንድ ጎን ብቻ ወግቼ አላውቅም። «ልጄ፣ ይሄንንማ ለኔ አታስረጂኝም፤ ውጊ!» አልኳት።

ባለቤቴ እስከ ቤት ድረስ አኮረፈችኝ። ውጤቱን ስንሰማ ግን አብራኝ ነበረች። ካንሰሩ ከፊት በኩል ተገኘ፤ ትንሽ ነው፣ አልተሰራጨም፣ ይታከማል ተባልን። እጄን ጨብጣ «ሰደቃችንስ?» አለችኝ።

«እሱማ ሠራ» አልኳት። «ጆንያው ሳይበላ ነቀዙን አስያዘን።»